ሳይገዘቱ መተው፦ የ12ቱ እርምጃ ዘዴ ለቂም፣ ለውርርድና ለይሉኝታ ሲውል

ጎጃም ውስጥ አረቄ መተው የፈለገ ሰው ብዙ ጊዜ ይገዘታል። ንስሐ አባቱ ፊት ቆሞ ቃል ይገባል፣ መስቀል ተሳልሞ ይወጣል። ግዝቱ ለሦስት ወር ይይዛል፣ ሲበረታም ለዓመት። ከዚያ አንድ ሰርግ ላይ «ለሙሽሮቹ ብለህ» ይባልና አንድ መለኪያ ትቀመሳለች። በማግሥቱ ጠርሙሱ ይገለበጣል፤ ግዝት አንዴ ከፈረሰ በመለኪያና በጠርሙስ መካከል ልዩነት የለማ! «ሁለተኛ የውርርድ ቲኬት አልቆርጥም»፣ «ልጆቼ ላይ አልጮህም»፣ «ለማንም ዋስ አልሆንም» የሚሉት መሐላዎችም የሚፈርሱት እንደዚሁ ነው።

እዚህ የሚገመገመው ዘዴ መሐላ አይቀበልም። የ12ቱ እርምጃ ዘዴ ይባላል። የተሠራው ለመጠጥ ነው፤ ዛሬ ግን ጠርሙስ ነክቶ ለማያውቅ ሰውም ይውላል፤ ቂም ለያዘ፣ ውርርድ ለለመደ፣ ዕዳ ለከበበው፣ እምቢ ማለት ላቃተው። ክፍያ የለውም። የሚፈልገው ባለ 50 ቅጠል ደብተር፣ እስክሪብቶ፣ ማታ ማታ 15 ደቂቃ፣ በሳምንት አንድ ሰዓት እና ሚስጥር የሚቋጥር አንድ ሰው ነው። ከዝርዝሩ ውዱ የመጨረሻው ነው።

ለሚቸኩል አንባቢ ፍርዱን አስቀድሞ መናገር ይሻላል። የዘዴው ጉልበት ያለው ሁለት ቦታ ነው፦ ቃሉን ለዛሬ ብቻ ማሳጠሩ ላይ እና ማታ ሪፖርት መጠየቁ ላይ። ሌላው ሁሉ እነዚህን ሁለቱን ለመሸከም የቆመ ምሰሶ ነው። ደብተሩን ትቶ ሐሳቡን ብቻ የወደደ ሰው ጥሩ ወሬ አገኘ እንጂ ዘዴውን አልሞከረም።

አመጣጡ አጭር ነው። እ.ኤ.አ. በ1935 አሜሪካ ውስጥ፣ ኦሃዮ አክሮን ከተማ፣ አንድ የአክሲዮን ገበያ ሰውና አንድ የቀዶ ሕክምና ሐኪም ተገናኙ። ሁለቱንም መጠጥ አሸንፏቸው ነበር። ጠጪ ለጠጪ ችግሩን ሲነግረው ሁለቱም ያን ቀን ሳይጠጡ እንደሚያድሩ አዩ። እርምጃዎቹ በ1939 በጽሑፍ ወጡ። ከዚያ ዘዴው ከመጠጥ ቤት ወጣ፦ በ1951 ለጠጪ ቤተሰቦች፣ በ1957 ለቁማርተኞች፣ በ1960 ምግብ ላይ መቆም ላቃታቸው፣ በ1971 ስሜታቸው ላስቸገራቸው፣ በ1976 ለባለዕዳዎች ማኅበር ቆመ። ስለዚህ ዘዴውን ለዕለት ችግር ማዋል የዛሬ ፈጠራ አይደለም፤ ከሃምሳ ዓመት በላይ ልምድ አለው።

ዐሥራ ሁለቱ ሲጨመቁ አራት ሥራ ይሆናሉ። ከ1 እስከ 3 ያሉት «በራሴ ጉልበት አልቻልሁም» ብሎ ማመንና ከራስ በላይ ላለ ኃይል እጅ መስጠት ናቸው። ከ4 እስከ 7 ያሉት የራስን ጉድለት በጽሑፍ ቆጥሮ ለአንድ ሰው አንብቦ ጉድለቱ እንዲነሣ መለመን። 8ኛውና 9ኛው የበደሉትን ሰው ዘርዝሮ መካስ፣ ካሳው ሌላ ሰው የሚጎዳ ካልሆነ በቀር። ከ10 እስከ 12 ያሉት በየቀኑ መቁጠር፣ መጸለይ እና ለሌላው ማድረስ።

ውጭ አገር ሰው የሚከብደው «ከራስ በላይ ያለ ኃይል» የሚለው ነው። እዚህ ተገላቢጦሽ ነው። የመጀመሪያዎቹ ሦስቱ ለጎጃም ሰው ከመጠን በላይ ይቀላሉ። «እግዚአብሔር ያውቃል» ይባልና ከ4 እስከ 9 ያለው እርሻ ጦም ያድራል። 1ኛውን እርምጃ አልቅሶ የተናገረ፣ 4ኛውን ግን አንድ መስመር ያልጻፈ ሰው ካያችሁ ገና አልጀመረም።

ሥራው የሚጀምረው ችግሩን ወደሚቆጠር ነገር በመለወጥ ነው። ለመጠጥ ይህ ቀላል ነው፤ መለኪያው ተነሥቷል ወይም አልተነሣም። «ትዕግሥተኛ እሆናለሁ» ግን አይቆጠርም፣ ማታም ሪፖርት አይወጣውም። ሦስት ክብ የሚሠራው ለዚህ ነው። ደብተሩ ላይ የቡና ስኒ ዘቅዝቆ አንድ ክብ፣ በብርጭቆ ሁለተኛ፣ በትንሽ ሳህን ሦስተኛ ይሣላል፤ አንዱ በሌላው ውስጥ። በውስጠኛው የማይደረገው ብቻ ይጻፋል፣ ቢበዛ ሦስት ነገር። በመካከለኛው ወደዚያ የሚያደርሰው መንገድ። በውጨኛው በምትኩ የሚሠራው።

ውርርድን እንውሰድ። ውስጥ፦ ቲኬት መቁረጥ፣ በሱቅም በስልክም። መሀል፦ ኦድ (ለእያንዳንዱ ውጤት የሚከፈለውን የሚያሳየው ቁጥር) ማየት፣ «ፊክስድ ማች አለን»፣ ማለትም ውጤቱ አስቀድሞ የተወሰነ ጨዋታ አለን፣ የሚሉ የቴሌግራም ቻናሎች፣ ቴሌብር ላይ ከሳምንት ወጪ በላይ ገንዘብ ማስቀመጥ፣ ቅዳሜ ከሰዓት ከውርርድ ቤቱ አጠገብ ካለው ካፌ መቀመጥ። ውጭ፦ ኳስ መጫወት እንጂ ማየት ያልሆነ ነገር፣ ዘመድ መጠየቅ፣ ሐይቅ ዳር በእግር መሄድ። በፈረንጆቹ ክረምት የእንግሊዝ ጨዋታ ቅዳሜ በእኛ 9 ሰዓት ተኩል ጀምሮ የመጨረሻው ማታ 2 ሰዓት ተኩል ይነሣል። ስለዚህ አደጋው ሰባት ሰዓት ገደማ የሚፈጅ፣ መጀመሪያውና መጨረሻው የታወቀ ጊዜ ነው። ውጨኛው ክብ የሚሞላው ለዚያ ሰዓት ነው። ብዙ ሰው ውጨኛውን ለሰኞ ጠዋት ይሞላውና ቅዳሜ 9 ሰዓት ባዶ እጁን ይገኛል። ውርርድ ላይ ዘዴው ከ5 ነጥብ 4 ያገኛል፤ አንዷን የሚቀንሰው ስልኩ ራሱ ውርርድ ቤት ስለሆነ ነው። መተግበሪያው ካልጠፋና ገንዘቡ በሌላ ሰው እጅ ካልሆነ ክብ መሣሉ ብቻ አያድንም።

ፍላጎቱ ሲነሣ የሚደረገውም አስቀድሞ የተጻፈ መሆን አለበት። አምሮት አብዛኛውን ጊዜ ከግማሽ ሰዓት በታች ወጥቶ ይወርዳል፤ ሰው ግን እስኪታዘዙለት ድረስ የማይለቅ ይመስለዋል። ስለዚህ ውሉ «ለዘላለም አልነካም» ሳይሆን «30 ደቂቃ እቆያለሁ፣ በመካከሉ አንድ ስልክ እደውላለሁ» ነው። ከመደወል በፊት አራት ነገር ይፈተሻል፦ ርቦኛል? ተናድጃለሁ? ብቻዬን ነኝ? ደክሞኛል? ረቡዕና ዓርብ እስከ 9 ሰዓት ለሚጾም ሰው የመጀመሪያው ጥያቄ የታወቀ መልስ አለው። የገንዘብ ንግግር፣ የሠራተኛ ወቀሳ፣ የልጅ ውጤት፣ እነዚህ ሁሉ ረቡዕ 8 ሰዓት ላይ አይነሡም። ይህን አንዲት ሕግ ብቻ የወሰደ ቤት እንኳ ጩኸቱ ይቀንሳል።

የማታው ገጽ አራት ነገር ይይዛል፦ ምን ነካካኝ፣ ምን አደረግሁ፣ ለማን ተናገርሁ፣ ነገ መጀመሪያ ምን እሠራለሁ። ልጁ ላይ መጮህን ውስጠኛው ክብ ውስጥ ያስገባ የአንድ ባለሱቅ ገጽ ይህን ሊመስል ይችላል፦

«ማክሰኞ። 10 ሰዓት ላይ የዱቤ ደንበኛ መጥቶ ሳይከፍል ሄደ። ምሳ አልበላሁም። 12 ሰዓት ቤት ገብቼ ልጁ ላይ ጮህሁ፤ አንድ ጊዜ። 1 ሰዓት ላይ ደወልሁ። ነገ ጠዋት ልጁን ይቅርታ እጠይቀዋለሁ፤ ሱቅ ሳልዘጋ እበላለሁ።»

ገጹ ላይ «ምን ዓይነት አባት ነኝ» የሚል የለም። ለቅሶ ከገባበት በሦስተኛው ቀን ደብተሩ ይዘጋል፤ ማንም በየማታው ራሱን መውቀስ አይችልም። ቁጥርና ሰዓት ግን ይቻላል። ጎጃም የቅኔ አገር ነው፣ ሰው ሲናገር ወርቁን ሰም ማላበስ ይወዳል። ደብተሩ ላይ ሰም አያስፈልግም።

ዘዴው ያለ ክርክር የሚያሸንፈው ቂም ላይ ነው፤ 5 ከ5። 4ኛው እርምጃ ገጹን በአራት ዐምድ ይከፍለዋል። ማን ላይ? ምን አደረገኝ? ምኔ ተነካ? የኔ ድርሻስ? አሞላሉ ላይ ብልሃት አለው፦ ወደ ጎን አይሞላም፣ ወደ ታች ነው የሚሞላው። መጀመሪያ የሰዎቹ ስም ሁሉ፣ ከዚያ የበደላቸው ሁሉ፣ ከዚያ ሦስተኛው፣ በመጨረሻ አራተኛው። ወደ ጎን የሞላ ሰው ገና የመጀመሪያው ስም ላይ አራተኛው ዐምድ ይደርስበትና መከራከር ይጀምራል።

ሞጣ ያለ አንድ እህል ነጋዴ እናስብ። አንደኛው ዐምድ፦ ወንድሜ። ሁለተኛው፦ የአባታችንን መሬት ድንበር ሁለት ክንድ ገፋ። ሦስተኛው፦ ኪሴ፣ ክብሬ፣ እናቴ ዘንድ ያለኝ ቦታ። እዚህ ላይ ሰውየው ይቆማል፤ እስከ ዛሬ የተጣላው ስለ ሁለት ክንድ መሬት መስሎት ነበርና «እናቴ» የሚለው ቃል በገዛ እጁ ተጽፎ ሲያየው ይደነግጣል። አራተኛው፦ ሦስት ዓመት ለአገር ሁሉ ሳማው ኖርሁ፣ ለሱ ግን አንድ ቀን አልነገርሁትም። መሬቱ ዛሬም ተገፍቷል፤ ዘዴው ድንበር አይመልስም፣ ያ የሽማግሌና የፍርድ ቤት ሥራ ነው። የሚመለሰው ያ ነጋዴ ሌሊት 8 ሰዓት ተነሥቶ ጣሪያ ሲያይ የሚያጠፋው እንቅልፍ ነው።

አንድ ከባድ ማስጠንቀቂያ። አራተኛው ዐምድ ለተደበደበ ሰው አይሠራም። ባሏ የሚመታት ሴት፣ በልጅነቱ የተደፈረ ሰው፣ ጦርነት ቤቱን ያፈረሰበት ገበሬ «የኔ ድርሻ» ተብሎ ሊጠየቅ አይገባም። ዐምዱ ባዶ ይሁን፤ ባዶ መሆኑም ይጻፍ። ይህን የማያውቅ ሰው የሚመራው ቡድን ከበዳዩ የባሰ ጉዳት ያደርሳል።

አሁን ወደ ውዱ ዕቃ፣ ወደ ሰውየው። ዘዴውን የሚያውቁ «ስፖንሰር» ይሉታል። ገንዘብ ስለማይሰጥ ስሙ ያሳስታል፤ በእኛ አገር ስፖንሰር ሲባል ቲሸርት የሚያሠራ ድርጅት ነው ትዝ የሚለው። ሥራው መስማት ነው። ባል ወይም ሚስት መሆን የለበትም፤ የሥራ አለቃ፣ አበዳሪ፣ በጉዳዩ ውስጥ ያለ ዘመድ እንዲሁ። ጾታው ከተናጋሪው ጋር አንድ ቢሆን ይመረጣል። ራሱ ደብተር ያልያዘ ሰው ደግሞ ከመካሪ አይለይም፣ መካሪ ደግሞ ጎጃም ሞልቶ ይተርፋል።

ጥሩ ስፖንሰር ሦስት ነገር ይጠይቃል፦ ምን ሆነ? ምን አደረግህ? ከአሁን እስከ ማታ ምን ትሠራለህ? «ለምን?» አይልም። ለምን ሲባል ሰው መልስ ይፈጥራል፣ መልሱም ሁልጊዜ ስለ ሌላ ሰው ይሆናል። ስልኩ የሚደወለው ከመውደቅ በፊት ነው፤ ከወደቁ በኋላ ብቻ የሚደወል ከሆነ ስፖንሰሩ የኃጢአት መዝገብ ሆነ ማለት ነው።

«ንስሐ አባት እያለ ይህ ለምን?» የሚል ይኖራል። ሥራቸው ይለያያል። ንስሐ አባት ይፈታሉ፣ ቀኖና ይሰጣሉ፣ አባት ናቸው። ማክሰኞ ማታ 1 ሰዓት ላይ «አባ፣ ዛሬ ሁለት ሰዓት ቲክቶክ ላይ ቆየሁ» ብሎ የሚደውልላቸው ግን የለም፤ ሊኖርም አይገባም። 5ኛውን እርምጃ፣ ማለትም ሙሉውን ደብተር ማንበቡን፣ ለንስሐ አባት ማድረግ ይቻላል፤ እንዲያውም ገበና ለሚያስጨንቀው ሰው የተሻለው እሱ ነው። የየቀኑ ሪፖርት ግን እኩያ ይፈልጋል። ሁለቱን ያቀላቀለ ሰው ንስሐ አባቱን ያርቃል፣ ደብተሩንም ያጣል።

ሳምንታዊው ስብሰባ ከ5 እስከ 8 ሰው ይሻላል። 60 ደቂቃ። 5 ደቂቃ መክፈቻ፣ አንዱ ተረኛ 10 ደቂቃ፣ ሌላው እያንዳንዱ 4 ደቂቃ፣ ቀሪው መዝጊያና ለሚቀጥለው ሳምንት ተረኛ መምረጥ። ሰዓቱን ስልክ ይጩህበት። ማንም ለማንም መልስ አይሰጥም፤ አንዱ ጨርሶ «አመሰግናለሁ» ሲል ሌላው ስለ ራሱ ይጀምራል። የጽዋ ማኅበር ያለው ሰው ይህን ከውጭ መማር አያስፈልገውም፦ ቀኑ የታወቀ ነው፣ ተራ አለ፣ የቀረ ይጠየቃል። የሚጎድለው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ በጽዋ ማኅበር ሰው ስለ ራሱ ጥፋት አይናገርም።

የሚበላሸውም እዚሁ ላይ ነው። በሁለተኛው ሳምንት አንድ ሰው ስለ ዕዳው ተናግሮ ሳይጨርስ ከጎኑ ያለው «እንዲህ ብታደርግ…» ይላል፤ ሦስተኛው «እኔ የማውቀው ሰው አለ፣ እናስታርቃችሁ» ይላል። ስብሰባው ሽምግልና ሆነ። ሽምግልና ክቡር ነገር ነው፤ ግን ሽማግሌ ፊት ሰው ጉዳዩን አሳምሮ ነው የሚያቀርበው፣ ይረታ ዘንድ። እዚህ የሚረታ የለም። መክፈቻው ላይ «ምክር የጠየቀ ከሌለ ምክር የለም» ተብሎ በየሳምንቱ ይነበብ፤ ሞኝነት ይመስላል፣ ይሠራል።

ቡና ከስብሰባው በኋላ ይፈላ። ከመሀል ከገባ ሰዓቱ የአቦልና የቶና ይሆናል፣ ወሬውም የጎረቤት። ሰንበቴ ቤት ለቦታነቱ ይመቻል፤ ጠላ ለመተው ለመጣ ሰው ግን ጋኑ እዚያው ቆሟል።

ሚስጥሩስ? ሰው ሰውን በማያውቅበት ትልቅ ከተማ ስም ሳይጠሩ መሰብሰብ ይቻላል። ፍኖተ ሰላም ወይም ደጀን ውስጥ ይህ ቀልድ ነው፤ ገና በር ሲገቡ የማን ልጅ እንደሆኑ ይታወቃል። ስለዚህ በስም መሰወር ቀርቶ በሕግ መሰወር ያስፈልጋል። አንድ እድር ውስጥ ያሉ ሁለት ሰዎች በአንድ ቡድን አይሁኑ። የሦስተኛ ሰው ስም አይጠራ፤ «አንድ ዘመዴ» ይበቃል። ደብተር ወደ ስብሰባ አይመጣም። ገበና አንዴ ከወጣ ቡድኑ በዚያው ሳምንት ይበተናል፤ የወጣበት ሰውም ለዓመታት «ሆድ ይፍጀው» ብሎ ይኖራል።

ይሉኝታ ላይ ዘዴው ያልተጠበቀ ውጤት አለው። ዋስ ሁነኝ፣ አበድረኝ፣ ልጄን ሥራ አስገባልኝ ሲባል እምቢ ማለት የማይችል ሰው ውስጠኛው ክብ ውስጥ «እምቢ ማለት አለመቻል» ብሎ ይጽፋል፤ አይቆጠርም። የሚቆጠረው ይህ ነው፦ «በጠየቁኝ ቦታ ላይ እሺ አልልም። ‹ነገ 3 ሰዓት ላይ መልሱን እነግርሃለሁ› እላለሁ።» እሺታው ሊቀር፣ ላይቀርም ይችላል፤ የሚለወጠው መልሱ የሚሰጥበት ሰዓት ነው። ዋስትና ላይ በአንድ ሌሊት ልዩነት ብዙ ይወሰናል። ከ5 4።

ስልክ ላይ 2። ክቡ ይሣላል፣ ደብተሩ ይሞላል፣ ስልኩ ግን የሥራ ዕቃም ስለሆነ ፈጽሞ አይተውም። እዚህ የሚያዋጣው እርምጃ ሳይሆን ዕቃ ማንሣት ነው፤ ማታ ከ3 ሰዓት በኋላ ቻርጀሩ ሌላ ክፍል፣ መተግበሪያው ላይ የስልኩ የራሱ የሰዓት ገደብ፣ ማንቂያ ደግሞ በርካሽ የጠረጴዛ ሰዓት። ዕዳ ላይ 3፦ ለ30 ቀን እያንዳንዷን ብር መጻፍና «ዛሬ አዲስ ዕዳ የለም» የሚለው ውል ጥሩ ናቸው። የድግስ ዕዳ ግን የአንድ ሰው አመል ሳይሆን የቤተዘመድ ውሳኔ ነው፤ ተስካሩን ብቻውን ያነሰ ሰው በደብተሩ ላይ ቢያሸንፍም ቤት ውስጥ ይሸነፋል።

ወደ መውደቅ እንመለስ፣ ዘዴው ከግዝት የሚለየው እዚህ ነው። አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ አለን ማርላት እ.ኤ.አ. በ1985 በታተመ ሥራው እንዳብራራው፣ ሰውን የሚጥለው የመጀመሪያው ጥሰት ሳይሆን ከጥሰቱ በኋላ ለራሱ የሚነግረው ነገር ነው፦ «አበቃልኝ፣ እንግዲህ ልብላው።» በሰርጉ ማግሥት የሆነው ይኸው ነው። ስለዚህ ከወደቁ በዚያው ቀን ሪፖርት፣ ከዚያ ወደኋላ 48 ሰዓት መጻፍ። አብዛኛውን ጊዜ መካከለኛው ክብ አስቀድሞ ተጥሷል፤ ቲኬቱ ቅዳሜ ቢቆረጥም ኦዱ የታየው ሐሙስ ነው።

ዘዴው ራሱ እዚህ ላይ አንድ ድክመት አለው። በብዙ ቡድኖች የሚቆጠረው ተከታታይ ቀን ነው፤ የወደቀ ከዜሮ ይጀምራል። ይህ ግዝትን በጓሮ በር መልሶ ያስገባዋል። ሁለት ቁጥር መያዝ ይሻላል፦ ተከታታዩን እና አጠቃላዩን። «6ኛ ቀኔ ነው፤ ከ90ው 84ቱን ግን ጠብቄያለሁ» ያለ ሰው ያልሠራውን አልተናገረም፣ የሠራውንም አላፈረሰም።

ዐቢይ ጾም ለዚህ ሁሉ ጥሩ መፈተሻ ነው። 55 ቀን መጠጥ ሳይቀምስ የሚከርም፣ በፋሲካ ሳምንት ግን ተመልሶ የሚሰክር ሰው በየሰፈሩ አለ። መቻሉን አሳይቷል፤ የቻለው ጊዜው ስለታወቀ፣ ቤቱ ሁሉ አብሮት ስለጾመና ማንም «ለሙሽሮቹ ብለህ» ስለማይለው ነው። ዘዴው እነዚህን ሦስቱን ወስዶ 55ቱን ቀን ወደ አንድ ቀን ያሳጥራቸዋል። ከዳግማይ ትንሣኤ ማግሥት የሚጀምር ቡድን ስለዚህ ጥሩ ጊዜ መርጧል። ጥር ግን አይመከርም፤ ሰርግ ነው።

ካሳው ላይ ብዙ ሰው ይቸኩላል። 9ኛው እርምጃ ከ4ኛው በፊት ሲመጣ ይቅርታ ሳይሆን ዕርቅ ልመና ይሆናል። ሲደርስ ደግሞ ሽማግሌ አይላክም፤ ሰውየው ራሱ ይሄዳል። የሚናገረው ሦስት ነገር ነው፦ ያደረገው፣ የሚመልሰው፣ «የረሳሁት አለ?» የሚል ጥያቄ። «ባለፈው ሰኔ 4,000 ብር ወስጄ እየሸሸሁህ ነበር። ከዚህ ወር ጀምሮ በየወሩ 500 እሰጥሃለሁ፣ በስምንት ወር ያልቃል። የረሳሁት አለ?» በዚህ ይበቃል። «ግን አንተም…» ከተጨመረ ካሳው እዚያው ፈረሰ። ይቅር ካልተባለም ብሩ ይከፈላል።

ማስረጃውን በተመለከተ ሐቁ ይነገር። እ.ኤ.አ. በ2020 የወጣው፣ የሕክምና ጥናቶችን ሰብስቦ የሚመዝነው የኮክሬን ድርጅት ግምገማ 27 ጥናቶችን፣ ከ10,000 በላይ ተሳታፊዎችን ይዞ፣ ከመጠጥ ፈጽሞ መታቀብ ላይ ይህ ዘዴ ከሌሎች የታወቁ ሕክምናዎች እንደማያንስ፣ አንዳንዴም እንደሚበልጥ አሳይቷል። ያ ለአልኮል ነው። ለቂም፣ ለይሉኝታ፣ ለስልክ የተሰጡት ከላይ ያሉ ነጥቦች ከአሠራሩ የተነሣ ፍርድ ናቸው።

በየቀኑ አረቄ የሚጠጣ፣ ጠዋት እጁ ተንቀጥቅጦ በመለኪያ የሚረጋ ሰው ግን በዚህ ዘዴም ሆነ በግዝት ብቻውን በድንገት ማቆም የለበትም። ካቆመ ከ6 እስከ 48 ሰዓት ባለው ጊዜ ሰውነትን የሚያንዘፈዝፍ፣ የሚጥል ሕመም ሊመጣ ይችላል። መቃዠቱ ብዙ ጊዜ ከሁለተኛው እስከ አራተኛው ቀን ነው፤ ካልታከመም ይገድላል። ባሕር ዳር ፈለገ ሕይወት ወይም ጥበበ ጊዮን፣ ደብረ ማርቆስም ሆስፒታሉ፣ መጀመሪያ የሚኬደው እዚያ ነው። ደብተሩ ከዚያ በኋላ ይገዛል። ለሳምንታት እንቅልፍና ምግብ የጠላ፣ መሞት የሚመኝ ሰውም እንዲሁ። «ምከረው ምከረው፣ እምቢ ካለ መከራ ይምከረው» የሚለው ተረት እዚህ ላይ አደገኛ ነው። መከራው እስኪመክረው የተጠበቀ ሰው ብዙ ጊዜ ሲመከር አይደርስም።

ለመጀመር የወሰነ ሰው የደብተሩን የመጀመሪያ ገጽ ስሙን አይጻፍበት። ሁለት ስልክ ቁጥር ይጻፍ፤ የስፖንሰሩንና ስፖንሰሩ ካልተገኘ የሚደወልለትን። በእነዚህ ዓመታት ኔትወርክ ለቀናት የጠፋባቸው፣ መንገድም የተዘጋባቸው ሳምንታት ነበሩ። ከሁለቱ አንደኛው ስለዚህ በእግር የሚደረስበት ቤት ያለው ሰው መሆን አለበት፤ ቁጥሩ ሥር ሰፈሩ ይጻፍ፣ ማታ ከስንት ሰዓት በኋላ በር እንደማይንኳኳም።